በፊሽካ ስለታከመው ውሻዬ ጉዳይ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ በዋናው ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ጎረቤት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንንም ከአልጋችን ለሚያስነሣን የድምፅ ማጉያዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የዓይኔ ሞራ በሰላም ተነሥቶልኝ፣ እህቴ ቤት ሁለት ሳምንት አገግሜ፣ ባለፈው ሰኞ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታልኝ ለጊዜው የሚያስለቅስ ነገር እንዳላነብ መክሮኝ ነበር። ምክሩን ለማክበር ቆርጬ ደረጃውን ብወጣም፣ በአዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ በቤቴ በር ላይ የለጠፉልኝ ማስታወቂያ ሆነ። ፊደሉ ጎላ ጎላ ያለ፣ ማኅተሙም ቀጥ ብሎ የተመታ ስለነበር ያለ መነጽር እንዳነበብኩት ሳልነግርዎ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ማስታወቂያውን ላላነበቡ ጎረቤቶቼ ፍሬ ነገሩን ልድገመው። ኮሽታ የሚባለው ውሻዬ «ለረጅም ጊዜ የነርቭ መድኃኒት ቢሰጠውም መድኃኒቱ ሊሠራለት ባለመቻሉ»፣ የኮሚቴውን ቢሮ በር በመቦርቦሩ፣ የሰብሳቢውን ወንበር በማበላሸቱና የነዋሪውን ጸጥታ በመንሣቱ፣ ከግቢው እንዲወጣ በመጪው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ውሳኔ ይሰጥበታል ይላል።

ክቡር ሆይ፣ እንደሚያውቁት እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ባለቤቴ ከየመንገዱ ይዞልኝ ከሚመጣው አሮጌ ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚወጣው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ አንዳንዴ ጋዜጣ ጋዜጣ፣ አንዳንዴም «ከምግብ በኋላ ይወሰዳል» የሚል ቃና ቢኖረው ይታገሱኝ። በስብሰባም ቦታዬ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። እርስዎ ራስዎ አርቅቀው ባጸደቁትና እጅግ በሚኮሩበት፣ «ማንኛውም ውሳኔ የሚጸናው በሙሉ ድምፅ ብቻ ነው» በሚለው ደንባችን መሠረት፣ እጄን ከጭኔ ላይ ሳላነሣ ከሙሉው ድምፅ ውስጥ ስቆጠር ኖሬያለሁ። ዝምታዬን ያለ እኔ ድካም ወደ ስምምነት ሲለውጡልኝ በመኖርዎ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም። አሁን ግን ጥቂት የምለው ስላለኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን።

አንደኛ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ኮሽታ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ከጉልበት የማያልፍ ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ኮሽ ባለ ቁጥር ጫማው ውስጥ ለመግባት ስለሚታገል ነበር። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ገብቶ በዚያው ሲቀር ነገሩን ለኮሽታ ሊያስረዳው የቻለ ሰው አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በር ዘግቶ የወጣ ሁሉ የማይመለስ ይመስለዋል። ዳቦ ልገዛ ብወርድ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ወለሉን ያርሰዋል፣ ጥፍሩ እስኪደማ ድረስ በሩን ይቧጭራል። እርስዎም ያኔ ውሻው ዝም እንዲል የሚያዝዘውን የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ላኩልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ማስታወቂያ ባይኖር ኖሮ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አልሄድም ነበር። ይህኛው ምስጋናዬ የእውነት ነው፤ ከታች ካሉት ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቀልብዎ ብዬ በቀይ አስምሬበታለሁ።

ሐኪሟ ኮሽታን ያየችው መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ጥጋብ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ በሽታ ሆኖበታል» አለችኝ። ደሙን መርምራ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል አዘዘችለት። እንክብሉ ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ምናልባት ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን እንደሚወስደው፣ እንክብሉ ብቻውን በቂ ስላልሆነም ቤት ውስጥ ብቻውን መቆየትን ቀስ በቀስ እንዳለማምደው ነገረችኝ። በመጨረሻም ጣቷን ቀስራ፣ «በምንም ምክንያት በአንድ ጊዜ እንዳይቋረጥ» አለች። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ መሻር የሚችል ሥልጣን በግቢያችን እንዳለ ባለማወቋ ስለ እርሷ ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጅማሬያችን አምሮ ነበር ብዬ አልዋሽም። እንክብሉን ዳቦ ውስጥ ደብቄ ስሰጠው፣ ዳቦውን ዋጥ አድርጎ እንክብሉን ምንጣፍ ሥር ሲያኖር ከረመ። ምንጣፉ በእነዚያ ቀናት እጅግ ተረጋግቶ ነበር፤ ውሻው ግን ያው ነው። ቤት ስጠርግ ጉዱን ደረስኩበትና ከዚያ ወዲህ አፉን ከፍቼ፣ ጉሮሮውን ዳብሼ፣ መዋጡን አይቼ ነው የምለቀው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለውጥ በቶሎ ባለማየቴ ተስፋ ቆርጬ ላቆምበት ከጫፍ ደርሼ ነበር። ሐኪሟ በስልክ ተቆጣችኝና ቀጠልኩ።

ልምምዱን ደግሞ ሁላችሁም አይታችሁታል። ቁልፌን አንሥቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጫማዬን አድርጌ ተመልሼ አወልቃለሁ። ወጥቼ ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ፣ ሳይጨንቀው ተመልሼ እገባለሁ። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊያችን በር ከፍቼ ስወጣና ስገባ፣ ስወጣና ስገባ ቀኑን ሙሉ ሲያየኝ ውሎ፣ «እትዬ፣ የረሱት ነገር ካለ እኔ ሮጥ ብዬ ላምጣልዎ?» ብሎ እንደጠየቀኝ አስታውሳለሁ። በማግስቱም ዝም አላለም፤ ለእህቴ ደውሎ «ትንሽ ያዝ ለቀቅ እያደረጋቸው ነው፤ ብቻቸውን ባይተዉ ጥሩ ነው» ብሏታል። እግዜር ይስጠው። አንድ ቀን ጠዋት ግን እስከ ዳቦ ቤት ሄጄ ስመለስ ከበሩ ኋላ ድምፅ አጣሁ። የሞተ መስሎኝ ቁልፉን አጣድፌ አዞርኩ። ስከፍት ኮሽታ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ተንተርሶ ያንኮራፋል።

ሁለተኛ። ውሻው ዝም ባለ በወሩ እርስዎ በዋናው በር ላይ አቁመውኝ «ውሻሽ ምን ነካው? ማንም ሲገባ ሲወጣ አይጮኽም እኮ! ደንዝዟል፤ ውሻ ካልጮኸ ምኑን ውሻ ነው?» ያሉኝን አልረሳሁም። ሲጮኽ ጸጥታ አደፈረሰ፣ ዝም ሲል ሥራ ፈታ። ኮሽታ በመካከል ያለውን፣ ማለትም ሰብሳቢውን ብቻ ደስ የሚያሰኘውን የጩኸት መጠን ማወቅ አለመቻሉ የአስተዳደጉ ጉድለት ነውና ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ስለ መደንዘዙ ግን ልብስ ሰፊውን ይጠይቁልኝ፤ በዚያው ሳምንት ከእጁ ላይ የሙሽራ ጓንት ነጥቆ ግቢውን ሁለት ጊዜ የዞረው ይኸው ደንዛዛ ውሻ ነው።

ሦስተኛ። ዓይኔን ልታከም ስሄድ ኮሽታን ለጥበቃችን አደራ ሰጠሁት። አንድም ቀን ወታደር ሆኖ ባያውቅም ሁላችንም ሻምበል የምንለው ይህ ሰው ኮሽታን እንደ ልጁ ነው የሚያየው፤ እንክብሉንም እንዴት እንደሚያውጠው አሳይቼው፣ በዓይኔ ፊት አውጦት ነው የሄድኩት። እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነውን ሰኞ ዕለት አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። «እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ ሰብሳቢው ውሻውንም እንክብሉንም ከእጄ ላይ ነው የወሰዱት። ‹አንተ ሻምበል፣ ውሻ ደግሞ ነርቭ አለው እንዴ? ያጣው ሩጫ ነው! በአሥር ቀን ነው ሰው የማደርገው› አሉኝ» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜ ልክዎን የስፖርት አስተማሪ ሆነው ያገለገሉ፣ በጡረታም ፊሽካዎን ከአንገትዎ ያላወለቁ ሰው መሆንዎን አከብራለሁ። ስንት ሰነፍ ተማሪ በዚያ ፊሽካ ሮጦ እንደዳነ ከእርስዎ አንደበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እንክብሉን በአንድ ጊዜ አቋርጠው፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚበረግግ ውሻ ጆሮ ሥር ፊሽካ እየነፉ በግቢው ዙሪያ ሲያስሮጡት፣ ከዚያም «ብቻውን መሆን ይልመድ» ብለው የኮሚቴው ቢሮ ውስጥ ቆልፈውበት ምሳ ሲሄዱ፣ ልብዎ ንጹሕ እንደነበር አልጠራጠርም። ኮሽታም ልቡ ንጹሕ ነበር። በሩን የቦረቦረው ሊወጣ ነው። የወንበርዎን የእጅ መደገፊያ የበላው ግን ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት የእርስዎን ሽታ አግኝቶበት ይሆናል።

አራተኛ። ስለ ወንበርዎ ከልብ አዝናለሁ። እኛ ከኋላ የምንቀመጥባቸው አግዳሚዎች ከተፈጠሩ ጀምሮ መደገፊያ ስለሌላቸው፣ የእጅ መደገፊያ ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚረዳልዎ ሰው በግቢው ሞልቷል።

አምስተኛ። መድኃኒቱን አቋርጠው ሲያበቁ «መድኃኒቱ ሊሠራለት አልቻለም» ብለው መጻፍዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያልተዋጠ እንክብል አለመሥራቱን በማኅተም አረጋግጦ የለጠፈ ሰው ከእርስዎ በፊት መኖሩን እንጃ፤ የኔ ምንጣፍ ግን ምስክር መሆን ይችላል።

ስድስተኛ። ይህኛው ይከብደኛል፤ ግን ልጻፈው። ትናንት ማታ በኮሚቴው ፊት ጠርተው ሲያነጋግሩኝ፣ «እትዬ፣ ዕድሜ ልኩን ኪኒን የሚውጥ ፍጡር ጤነኛ አይባልም፤ ሱሰኛ ነው! በርታ ማለት ነው እንጂ!» አሉኝ። ይህንን ተናግረው ሳይጨርሱ ከደረት ኪስዎ ትንሿን ሳጥን አወጡ፣ ገንዘብ ያዣችን ውኃ አቀበለችዎ፣ የደም ግፊት ኪኒንዎን ዋጥ አድርገው ንግግርዎን ካቆሙበት ቀጠሉ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ እንዲያውም ሰዓትዎን ጠብቀው መውሰድዎ አስደስቶኛል።

አልሳቅሁም ያልኩት ሌላም ምክንያት ስላለው ነው። «ሱስ ይሆንብሃል» የሚለውን ቃል ከእርስዎ ቀድማ የተናገረች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ባለቤቷ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አደጋ ከደረሰበት በኋላ በር በተዘጋ ቁጥር ይበረግግ፣ ክፍል ውስጥ ብቻውን መቀመጥም ያቅተው ጀመር። ሐኪም እንክብል አዘዘለት። ሴትየዋ ግን እንክብሉን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና «አንተ ደግሞ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ? በርታ!» አለችው። እሱም ሰማት። እንደታዘዘው በረታ፤ ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ በርትቶ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ኖረ። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ልክ እንደ እርስዎ በጎ ያደረገች መስሏት ነው። ስለዚህ በእርስዎ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። መሳቢያው ዛሬም ቤቴ ነው። የኮሽታን እንክብል የማስቀምጠው እዚያ ነው፤ በየጠዋቱም እከፍተዋለሁ።

ሰባተኛ። በማስታወቂያዎ «ከነዋሪዎች በቀረበ ቅሬታ» ያሉት፣ ከእኔ በላይ ያለችውን የሕፃን እናት እንደሆነ ገብቶኛል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ደረጃ ላይ አግኝታኝ «አይቆጡኝ እንጂ እትዬ፣ ሰው መድኃኒት አጥቶ ለውሻ?» ብላኛለች። አልተቆጣሁም። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደህና መልስ የለኝም፤ ፍርሃት በያዘው ፍጡር ላይ በር ዘግቼ መሄድ አንጀቴ አልችል ስላለኝ ነው ከማለት በቀር። እርሷ ግን ሰኞ ዕለት ሕፃኑን እንዳቀፈች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ በሬን አንኳኳች። «እትዬ፣ ለካ እስካሁን ልጄ የሚተኛው በኮሽታ ኪኒን ነው! በናትዎ ይስጡት፤ ከፈለጉ እኔ አፉን እይዝልዎታለሁ!» አለችኝ። ስለዚህ ያንን ቅሬታ ከመዝገብዎ ቢሰርዙት መልካም ነው፤ ቅሬታ አቅራቢዋ ራሷ መልሳ ወስዳዋለች።

ስምንተኛውን ረስቼዋለሁ። ስለ ድምፅ ማጉያው ይመስለኛል። በየቅዳሜው ከመስኮቴ ሥር ሳይሆን ከራስዎ መስኮት ሥር ቢተከል ስብሰባ መኖሩን ከሁላችንም ቀድመው የመስማት ክብር ያገኛሉ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሐኪሟን ሰኞውኑ አግኝቻት፣ ብዙ ቀን በመቋረጡ ከትንሹ መጠን እንድንጀምር አዝዛናለች። እስኪሠራ እንደገና ሳምንታት ይፈጃል። የምለምነው እነዚያን ሳምንታት ነው፤ ፊሽካ የሌለባቸው ሳምንታት። ኮሽታ ከዚህ ግቢ ቢወጣ ወስዶ የሚያስጠጋው የለም፤ እህቴ ቤት ውሻ አይገባም፤ እኔም እሱን አውጥቼ በሩን ዘግቼ ልቀመጥ አልችልም። ስለዚህ እሑድ የሚወሰነው በአንድ ውሻ ላይ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ኮሽታ በወጣበት በር እኔም ተከትዬው እወጣለሁ።

ይህ እንዳይሆን ደግሞ ማምሻውን ደንባችንን አውጥቼ በአዲሱ ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እንዴት ያለ ግሩም ደንብ ነው! «ማንኛውም ውሳኔ የሚጸናው በሙሉ ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። ባለጉዳይ ድምፅ አይሰጥም የሚል አንቀጽ ብፈልግ አጣሁ፤ ከኋላ የተቀመጠ አይቆጠርም የሚልም የለም። እሑድ ከተለመደው ቦታዬ ላይ እሆናለሁ። እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ለተቃውሞ እጄን አወጣለሁ። ከላይ ያለችው እናትም አንድ እጇ በሕፃኑ ቢያዝም ሁለተኛው ነፃ መሆኑን ነግራኛለች። ለዚህ መብታችን ያበቃንን አርቃቂ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ኮሽታን ብቻውን ትቼ ወርጃለሁ። እንክብሉ ገና ሥራውን አልጀመረምና ምናልባት በዚህች ቅጽበት ጩኸቱን እየሰማችሁ ይሆናል፤ እባካችሁ ታገሡን፣ የወረቀቱን አራት ጫፍ በስፒል ወግቼ እስክመለስ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ክቡር ሰብሳቢያችን ተመልሰው እዚሁ ሰሌዳ ሥር ቆም ይበሉልኝ። እኔ ዳቦ ቤት እሆናለሁ። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ጆሮዎን ቀና አድርገው ያዳምጡ። ምንም ካልሰሙ፣ ማስረጃዬ እሱ ነው።

እድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ለፊሽካዎም ረጅም ዕረፍት እየለመንኩ፣ በማኅተምዎ ጥራትና በደንብዎ ጥበብ ዘወትር የምደነቅ፣

የሦስተኛ ፎቅዋ ባልቴት፣
ከነውሻዋ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማታ ከስብሰባው ሲነሡ የኪኒን ሳጥንዎን ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ነበር። ወዲያው በሻምበል እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ሳይውል ሳያድር እንደደረሰዎት ነግሮኛል። ሳጥኑን አልከፈትኩም። ኪኒኑ ያስፈልግዎት አያስፈልግዎት እንደሆነም ከማንም ጋር አልተማከርኩም። ፊሽካም አብሬ አልላክሁም።